ሴይ ወይስ ቴል? «አለ»ን በ«ነገረ» እየፈተኑ መለየት

ደብረ ማርቆስ ላይ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ከደብተር ደብተር የሚከተለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ሂ ሴድ ሚ» ይላል። ልጁ «አለኝ» ማለቱ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ 12ኛ ክፍል ደርሶም እዚያችው ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ፣ ጢስ አባይ ላይ ጎብኚ የሚያዞሩ ጎበዝ ልጆችም ሲሉት እሰማለሁ።

ይህ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። «ሴይ» ማለት አለ፣ «ቴል» ማለት ነገረ ተብለን ነው የተማርነው። ትርጉሙ ልክ ነው። ችግሩ የእኛ «አለ» በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። ሰሚውን ጫፉ ላይ ይዞ ይሄዳል፦ አለኝ፣ አለሽ፣ አላት፣ አሉን። ያቺ «ኝ» ስላለች ልጁ «ሚ»ን ከ«ሴድ» ኋላ ያስቀምጣል። በአማርኛ ሕግ ካየነው ትክክል ሠርቷል። በእንግሊዝኛ ግን «ሴይ» ሰውን እንዲህ በቀጥታ አይቀበልም።

ልማዱ ደግሞ የዛሬ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ብህለን ያውቃታል። ከስምንቱ አርእስተ ግሥ፣ ማለትም የግእዝ ግሦች ከሚረቡባቸው መሪ ግሦች፣ አንዷ ናት፤ «አለ» ማለት ነው። ወንጌል ሲነበብ «ወይቤሎ» የምንሰማውም የዚያው ግሥ ወገን ነው፤ «አለውም» ማለት ነው። ግእዙም እንደ አማርኛው ሰሚውን ከግሡ ጫፍ ላይ ያኖረዋል። ስለዚህ ከዋሸራም ሆነ ከዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት የወጡ ሊቅ ዛሬ እንግሊዝኛ ቢጀምሩ፣ እሳቸውም «ሴድ ሂም» የሚሉ ይመስለኛል። ጆሯችን የለመደው ይህንን ነው።

ከዚህ በታች የማሳያችሁን ዘዴ ሳስተምር የምጠቀምበት ነው። መሠረቱ አንድ ነገር ነው፦ ወደ እንግሊዝኛ ከመሄዳችሁ በፊት አማርኛውን በአማርኛ ቀይሩት። የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድታነቡት ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ።

አንደኛ፦ በአማርኛ ጻፉና ሰሚውን ክበቡ

ልትሉ የፈለጋችሁትን በአማርኛ ጻፉት። ለምሳሌ «ነገ እመጣለሁ አለኝ»። አሁን ጠይቁ፦ የሰማው ማን ነው? እኔ። የት ነው ያለው? «ኝ» ላይ። ክበቡት። ዓረፍተ ነገሩ «ነገ እመጣለሁ አለ» ቢሆን ኖሮ የሚከበብ ነገር አይኖርም።

ይህቺ ክብ ግማሹን ሥራ ትሠራለች። «ቴል» መልእክተኛ ማለት ነው፤ ለማን እንደሚያደርስ ካልተነገረው አይነሳም። ክብ ከሌለ «ቴል»ን ለጊዜው እርሱት፤ «ሴይ» ነው። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም።» አለቀ። ክብ ካለ ወደ ሁለተኛው እርምጃ እለፉ።

ሁለተኛ፦ «አለ»ን አውጥታችሁ «ነገረ»ን አስገቡ

«ነገ እመጣለሁ አለኝ» የሚለውን «ነገረ» ባለበት መልሳችሁ ጻፉት። «ነገ እንደሚመጣ ነገረኝ» ይሆናል። ትርጉሙ ሳይዛባ ከተቀየረ ፈተናውን አለፈ። «ቴል» ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዉድ ካም ቱሞሮው።»

ሌላ። «ሰላም አለኝ»። ቀይሩት። «ሰላም ነገረኝ»? አይሆንም። ማንም ጎጃሜ እንዲህ አይልም። ፈተናውን ወደቀ፤ ስለዚህ «ሴይ» ነው፦ «ሂ ሴድ ሄሎ ቱ ሚ።» «ይቅርታ አለችኝ»ም እንደዚሁ። «ይቅርታ ነገረችኝ» አይባልም። «ሺ ሴድ ሶሪ ቱ ሚ።»

አሁን በተቃራኒው እዩ። «ተረት ነገረኝ»፣ «ምስጢር ነገረኝ»፣ «እውነቱን ነገረኝ»። እነዚህ በአማርኛም ከመጀመሪያው «ነገረ» ናቸው። እንግሊዝኛውም «ቴል» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ ላይ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት «አለ» ሲመጣ ነው።

ሦስተኛ፦ ሰውየውን በቦታው አስቀምጡት

«ቴል» ከሆነ ሰውየው ወዲያው ከኋላው ይመጣል። መሀል ላይ ምንም አይገባም። «ቶልድ ሚ»፣ «ቶልድ ሀር»፣ «ቶልድ ዘ ቲቸር»። እኛ «ለአስተማሪው ነገርኩት» ስለምንል ያቺን «ለ» ይዘን ሄደን «ቶልድ ቱ ዘ ቲቸር» እንላለን። ስህተት ነው። «ለ»ን ጣሏት።

«ሴይ» ከሆነ ደግሞ ያቺ «ቱ» የግድ ታስፈልጋለች። «ሴድ ቱ ሚ»። ያለ «ቱ» ሰውን ከ«ሴይ» ጋር ማገናኘት አይቻልም።

አንዳንዴ ሁለቱም ይሄዳሉ። «ምን አለህ?» ለሚለው «ዋት ዲድ ሂ ሴይ ቱ ዩ» እና «ዋት ዲድ ሂ ቴል ዩ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ከአፉ ስለወጣው ቃል ይጠይቃል። ሁለተኛው ስለነገረህ ወሬ ነው። «ምን አለ?» ብቻ ከሆነ ግን ሰሚ የለበትም፤ «ዋት ዲድ ሂ ሴይ» ብቻ።

አራተኛ፦ «እኔ» ያለው ማን እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ስለሆነ ነው። «ሴድ ሚ» ብትሉ ፈረንጁ ይረዳችኋል። እዚህ ላይ ብትሳሳቱ ግን የተገላቢጦሽ ይረዳችኋል።

ቢቸና ላይ ጤፍ ሸጣችሁ እንበል። ገዢው በስልክ ቃል ገባላችሁ። ለሌላ ሰው ስታወሩ «ሰኞ እከፍላለሁ አለኝ» ትላላችሁ። ከፋዩ እሱ እንደሆነ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይገባዋል። «እከፍላለሁ» ውስጥ ያለው «እኔ» የገዢው «እኔ» ነው። አማርኛ የሰውየውን ቃል እንዳለ፣ በራሱ አንደበት ያመጣዋል።

ይህንን ቃል በቃል አዙሩት፦ «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ፔይ ኦን መንደይ።» ግሡ ትክክል ነው፤ «ቶልድ ሚ» ብላችኋል። ነገር ግን እንግሊዝኛ ሲነገር «አይ» ማለት አሁን የሚያወራው ሰው ነው። እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሰሚው የሚረዳው «ሰኞ ገንዘቡን የምከፍለው እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ» ብሎ ነው። ሻጭ የነበራችሁት ባለዕዳ ሆናችሁ።

መፍትሔው ሁለተኛው እርምጃ ላይ ያደረግነው ነው። «እከፍላለሁ አለኝ»ን ወደ «እንደሚከፍል ነገረኝ» ቀይሩት። «እንደሚከፍል» ስትሉ «እኔ» ጠፍቶ «እሱ» መጣ። እንግሊዝኛው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ፔይ ኦን መንደይ።» አማርኛ ሁለቱንም አባባል አለው። እንግሊዝኛውን የሚመስለው ሁለተኛው ስለሆነ በእሱ በኩል ተሻገሩ።

«ሴይ»ም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። «አልሄድም አለች» ማለት «ሺ ሴድ ሺ ዉድንት ጎ» ነው። «ሺ ሴድ አይ ዊል ኖት ጎ» ካላችሁ የማትሄዱት እናንተ ናችሁ። በጽሑፍ ከሆነ የሰውየውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ማኖር ይቻላል። ያኔ «አይ» ባለበት ይቆያል፤ ግሡም አብዛኛውን ጊዜ «ሴድ» ነው። በአፍ ሲወራ ግን ትእምርተ ጥቅስ አይታይም። ስለዚህ ስታወሩ ለውጡን ልመዱ።

«ዊል» ወደ «ዉድ» የተቀየረው ያለፈ ንግግር ስለምናወራ ነው። «ኢዝ» ወደ «ዎዝ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ» ይሄዳል። ይህን ባትቀይሩም ብዙ ጊዜ ትርጉሙ አይጠፋም። «አይ»ን አለመቀየር ግን ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ፈተና ከሆነ ሁለቱንም ቀይሩ።

አምስተኛ፦ ትዕዛዝ ሲሆን «እንዲ»ን ፈልጉ

«ና በለው» እንላለን። «አትሂድ አለኝ» እንላለን። በ«ነገረ» ቀይሯቸው፦ «እንዲመጣ ንገረው»፣ «እንዳልሄድ ነገረኝ»። ፈተናውን አለፉ፤ «ቴል» ናቸው። «ቴል ሂም ቱ ካም።» «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ጎ።»

አንድ ነገር አስተውሉ። «እንደሚመጣ ነገረኝ» ሲሆን እንግሊዝኛው «ዛት» ይዞ መጣ። «እንዲመጣ ንገረው» ሲሆን «ቱ» ይዞ መጣ። በ«ደ» እና በ«ዲ» መካከል ያለው ልዩነት በቀጥታ ይሻገራል። ለተማሪዎቼ ይህቺን ሳሳያቸው ፊታቸው ይበራል፤ የራሳቸው ቋንቋ መንገዱን እያሳያቸው ስለሆነ ደስ ይለኛል። በአሉታ ሲሆን «እንዲ» ወደ «እንዳ»፣ «እንደሚ» ወደ «እንደማ» ስለሚለወጡ ጠንቀቅ በሉ። «እንዳልሄድ ነገረኝ» ትዕዛዝ ነው፤ «እንደማይሄድ ነገረኝ» ወሬ ነው።

ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የሰዋስው ሳይሆን የአክብሮት ነው። «አባቴን ገንዘብ ላክልኝ አልኩት» ስትሉ በአማርኛ ልመና ሊሆን ይችላል። ድምፃችሁና ሁኔታው ይናገራል። «አይ ቶልድ ማይ ፋዘር ቱ ሴንድ ሚ መኒ» ካላችሁ ግን አባታችሁን ያዘዛችሁት ይመስላል። ለታላቅ፣ ለአስተማሪ፣ ለአለቃ፣ ውለታ ለምትጠይቁት ሰው ሁሉ «አስክ» የሚለውን ተጠቀሙ፦ «አይ አስክድ ማይ ፋዘር ቱ ሴንድ ሚ መኒ።» «አንቱ» ብለን ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስድስተኛ፦ «ተባልኩ» እና «ይባላል»

ቢሮ ሄዳችሁ «ነገ ና ተባልኩ» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ብዙ ሰው «አይ ዎዝ ሴድ» ይለዋል። ቀይሩት፦ «ነገ እንድመጣ ተነገረኝ»። አለፈ። «አይ ዎዝ ቶልድ ቱ ካም ቱሞሮው።» ሰው ባለጉዳይ ሆኖ ሲነገረው ሁልጊዜ «ዎዝ ቶልድ» ነው።

«ይባላል» ግን ሁለት መልክ አለው። «ይህ ቦታ ሰከላ ይባላል» ስንል ስም መጥራታችን ነው። እዚህ «ሴይ»ም «ቴል»ም አይገቡም፤ «ኮልድ» ነው። «ዚስ ፕሌስ ኢዝ ኮልድ ሰከላ።»

ሌላው መልኩ የአፈ ታሪክ ነው። ግሽ አባይ ላይ እንግዳ ይዛችሁ ቆማችኋል። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው፣ ኋላ ሳይርሱ እንደመለሰላቸው ይነገራል። ይህንን ለእንግዳው ስትተርኩ «ፒፕል ሴይ ዛት» ወይም «ኢት ኢዝ ሴድ ዛት» ብላችሁ ጀምሩ። «ኢት ኢዝ ቶልድ ዛት» አትበሉ። እዚህ ላይ የ«ነገረ» ፈተና ያሳስታችኋል፤ እኛ «ይነገራል» ስለምንል ያለፈ ይመስላል። ግን ሰሚው ማን ነው? ማንም አልተጠቀሰም። የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ክብ ስላልነበረ «ሴይ» ነው። ስለዚህ ክቡን ሁልጊዜ አስቀድሙ።

ለአስጎብኚዎች ደግሞ አደራ የምለው አለ። ሕዝቡ የሚያምነውን ትውፊት «ፒፕል ሴይ» ብሎ ማቅረብ ትውፊቱን አያሳንሰውም። እንግዳው የእምነትን ታሪክና የካርታን መረጃ ለይቶ እንዲሰማ ይረዳዋል።

ሰባተኛ፦ ንግግር የሌለበት «አለ»

ዝም አለ። ቁጭ አለ። ብድግ አለ። ፈገግ አለች። እነዚህ ውስጥ አፍ የከፈተ ሰው የለም። «ሴይ»ን ወደዚህ አታምጡት። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ የራሱ ግሥ አለው፤ ፈገግ አለች «ሺ ስማይልድ» ነው።

«መኪናው አልነሳ አለ» የሚለውም ከዚህ ወገን ነው። ደጀን ላይ መኪና ቆሞባችሁ ለፈረንጅ ስታስረዱ «ዘ ካር ዉድንት ስታርት» በሉ። «ዉድንት» እምቢታን ያሳያል፤ ለዕቃም ለሰውም ይሠራል። «ልሄድ ብዬ ነበር» ሲባል ደግሞ ሐሳብ እንጂ ንግግር አይደለም፤ «አይ ዎዝ ጎይንግ ቱ ጎ» ይበቃል።

በነገራችን ላይ ወረቀትም ይናገራል። «ማስታወቂያው ዝግ ነው ይላል»፣ «ደብዳቤው እንዲህ ይላል»። እዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ናቸው፤ እንግሊዝኛውም «ዘ ሌተር ሴዝ» ይላል። ሰዓትም፣ ራዲዮም፣ ካርታም «ሴዝ» ነው።

በቃል የሚያዙ

ጥቂት ናቸው። «ቴል» ሰሚ ሳይጠራ ብቻውን የሚሄድባቸው ቦታዎች አሉ፦ «ቴል ዘ ትሩዝ» እውነት መናገር፣ «ቴል ኤ ላይ» መዋሸት፣ «ቴል ኤ ስቶሪ» ተረት ወይም ታሪክ ማውራት፣ «ቴል ኤ ጆክ» ቀልድ ማውራት፣ «ቴል ዘ ታይም» ሰዓት አይቶ ማወቅ። «ቴል ዘ ዲፈረንስ» ደግሞ መለየት ነው። «አይ ካንት ቴል» ያላችሁ ሰው ምስጢር እየደበቀ ላይሆን ይችላል፤ «መለየት አልቻልኩም» ማለቱ ሊሆን ይችላል።

«ሴይ» ደግሞ ከእነዚህ ጋር ይሄዳል፦ «ሴይ የስ»፣ «ሴይ ኖ»፣ «ሴይ ጉድባይ»፣ «ሴይ ኤ ፕሬየር» ጸሎት ማድረስ።

ቋንቋ ሲሆን ሁለቱም አይሆኑም። «እንግሊዝኛ ይናገራል» ማለት «ሂ ስፒክስ ኢንግሊሽ» ነው። ጨዋታና ወግ ሲሆን «ቶክ» ነው።

አጠራሩ

«ሴይ» ላይ «ስ» ሲጨመር «ሴይስ» አይደለም፤ አጭር ሆኖ «ሴዝ» ይባላል። ያለፈውም «ሴይድ» ሳይሆን «ሴድ» ነው። አጻጻፉ ስለሚያታልል ብዙ ሰው ያስረዝመዋል። «ቴል» ያለፈ ሲሆን «ቴልድ» የሚባል ነገር የለም፤ «ቶልድ» ነው።

ሞክሩት

መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑና አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ። በቅደም ተከተል ሂዱ፦ ክብ፣ ፈተና፣ ቦታ፣ «እኔ»።

«እናቴ ስንቅ እልካለሁ አለችኝ።» ክብ አለ። «እንደምትልክ ነገረችኝ» ይባላል። «ማይ ማዘር ቶልድ ሚ ሺ ዉድ ሴንድ ፉድ።» ስንቅ የሚል ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ በልኩ ስለሌለ «ፉድ» ይበቃል።

«አያቴን ሰላም በልልኝ።» ለአያቴ ሰላም ንገርልኝ? አይመችም። «ሴይ ሄሎ ቱ ማይ ግራንድማዘር ፎር ሚ።»

«በሩ አልከፈት አለ።» ንግግር የለም። «ዘ ዶር ዉድንት ኦፕን።»

«ማታ ብቻሽን አትሂጂ ተባልኩ።» እንዳልሄድ ተነገረኝ። «አይ ዎዝ ቶልድ ኖት ቱ ጎ አሎን አት ናይት።»

የመጨረሻው ከበድ ይላል። «ሾፌሩ ደጀን ላይ እንቆማለን አለ።» ክብ የለም፣ ስለዚህ «ሴድ»። «እኛ»ውስ ማን ነው? እናንተም አውቶቡሱ ውስጥ ከነበራችሁ «እኛ» ውስጥ ስላላችሁ አይቀየርም፦ «ዘ ድራይቨር ሴድ ዊ ዉድ ስቶፕ አት ደጀን።» ቤት ሆናችሁ በስልክ የሰማችሁት ከሆነ ግን እናንተ የምትቆሙበት ነገር የለም፤ «ዊ» ወጥቶ «ዜይ» ይገባል።